የሚስ ፐርልና የሚስተር ኤሊስ መልእክተኛ

ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁን ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ?» ይለኛል። እተኛለሁ እላለሁ። ይስቃሉ፤ እኔ ግን የምሬን ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በኦክላንድና በሳን ሆዜ መካከል ስመላለስ ነው፤ ከሰኞ እስከ አርብ አንዱ ጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ሌላው ጋ። ሁለቱም ቦታ ሥራዬ ያው ነበር፤ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ ሰው ማንሳት፣ ሰው ማጠብ፣ ሰው ማልበስ። እንቅልፍ ያኔ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ነገር ነበር።

ስሜ በላይነሽ ነው፤ ፈረንጆቹ ቤላ ይሉኛል። አዲስ አበባ ሳለሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ በመጀመሪያ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጠፍኩ። ከዚያ ኩፐርቲኖ የአንድ ኢንጂነር እናት እንድጠብቅ ተቀጠርኩ። ሰውየው ቢሮው ተቀምጦ በካሜራ ያየኛል። አንድ ቀን ግድግዳው «ቤላ፣ መጋረጃውን ክፈቺው» ብሎ ሲናገር የያዝኩትን ሾርባ ለቀቅኩት። እንግዲህ ግድግዳ የማያናግረኝ ቦታ ልፈልግ ብዬ ኮርስ ወሰድኩ፣ ሰርተፍኬት ይዤ ኦክላንድ ገባሁ። ደሞዜና የምኖርበት የሳን ፓብሎ ቤት ኪራይ ሲጣሉ ኖሩ፤ አሸናፊው ሁልጊዜ ኪራዩ ነበር። ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

ኦክላንድ ሥራ ያስተማረችኝ ቴሲ የምትባል ፊሊፒናዊት ናት። ሁላችንም «አቴ ቴሲ» እንላታለን፤ አቴ በነሱ ቋንቋ እንደኛ እትዬ ማለት ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት ነበረች። ኮርሱ ላይ ያልነገሩኝን ሁሉ ያሳየችኝ እሷ ናት። የፊት መጥረጊያውን ጨርቅ መጀመሪያ በራስሽ የእጅ አንጓ ላይ ትለኪዋለሽ። ዓይን ከውስጥ ወደ ውጭ ይጠረጋል። ስትሮክ የመታው ሰው ሸሚዝ ሲለብስ የታመመው ክንድ ይቀድማል፤ ሲያወልቅ ጤነኛው ይቀድማል። ይህን የዘነጋች ረዳት የሰው ትከሻ ታወልቃለች።

ከሁሉም በላይ ግን ሳትናገር ሰው አትነካም ነበር። መስማት የተሳነው ሰው ክፍል እንኳ ስትገባ በሩን ታንኳኳለች። «አሁን ግራ ክንድዎን ላነሳ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ታነሳለች። «አሁን ወደ መስኮቱ ላዞርዎ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ታዞራለች። አንድ ቀን ራሱን የማያውቅ ሽማግሌ ስታጥብ አሾፍኩባት።

«አቴ፣ ሰውየው አይሰማሽም። ለማን ነው የምትለፈልፊው?»

«ለክንዱ» አለችኝ።

ሚስ ፐርልን እኛ ጋ ያመጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነው። ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፣ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው፣ አንገተ ረጅም። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ አንቱ ብያቸዋለሁ። ልጅ የላቸውም፣ ጠያቂ የላቸውም፤ አፍ ግን አላቸው። ሾርባው ቀዝቅዞ ከመጣ «ይሄን እግሬን ልታጥቢበት ነው?» ይላሉ። ባልደረቦቼ ይሸሿቸው ነበር። እኔ ወደድኳቸው፤ እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ የምትወጂው እየነደፈችሽ ነው።

ሳን ሆዜ ደግሞ ሚስተር ኤሊስ ነበሩ። ስትሮክ ንግግራቸውንና ቀኝ ጎናቸውን ወስዶ ግራ እጃቸውን ተወላቸው። በዚያ እጅ ቀኑን ሙሉ የምግብ ጠረጴዛቸውን ይመታሉ። አለቃችን የነበረችው ነርስ «ተረብሸዋል» ብላ ጠረጴዛውን አስወሰደችባቸው። እኔ ልጅ ሳለሁ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩና የተረበሸ ሰውና ምት የሚመታ ሰው ለይቼ አውቃለሁ። ቅዳሜ ስገባ ጠረጴዛውን መልሼ አቀርብላቸዋለሁ፤ በሳምንቱ መካከል ይወስዱታል፤ ቅዳሜ እመልሳለሁ። እንዲህ እየተባባልን ወራት አለፉ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኦክላንድ፣ ሚስ ፐርል እንደተኙ አንሶላቸውን እቀይር ነበር። ሰው ተኝቶበት አንሶላ መቀየር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ግማሹን አልጋ ትጨርሺና ሰውየውን ወደ አዲሱ ታሻግሪያለሽ። እሳቸውን በጎናቸው አዙሬ ሌላውን ጫፍ ስጎትት ጣቴ ሳላስበው የአልጋውን ብረት መታ መታ አደረገ። የሚስተር ኤሊስ ምት ከቅዳሜ ጀምሮ ጣቴ ላይ ቀርቶ ነበር።

ሚስ ፐርል እጄን ያዙ።

«ይሄን ከየት አመጣሽው?»

«ምኑን?»

«አሁን የመታሽውን። ይሄ የኤሊስ ነው።»

ሳን ሆዜ ቅዳሜና እሑድ እንደምሠራ፣ እዚያም እንዲህ የሚባሉ ሰው እንዳሉ ነገርኳቸው። ጆሮው ትልልቅ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ነው አልኳቸው። «ሞቷል ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ ሁለት ጣታቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ሚስተር ኤሊስ የጀመሩትን ምት እሳቸው ጨረሱት። «ይሄን ውሰጂለት» አሉኝ።

ቅዳሜ ወሰድኩላቸው። ጠረጴዛቸውን አቅርቤ መታሁት። ሚስተር ኤሊስ መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አዩ። እንባቸው በሚንቀሳቀሰው ጉንጫቸውም በማይንቀሳቀሰውም በኩል ወረደ። ከዚያ ግራ እጃቸው መልስ መስጠት ጀመረ።

በዚህ ዓይነት የሁለቱ መልእክተኛ ሆንኩ። ስልክ አይሆንም ነበር፤ ሚስተር ኤሊስ መናገር አይችሉም፣ ሚስ ፐርል ደግሞ የስልክ ድምፅ አይሰማቸውም። መገናኘት አይቻልም፤ ሁለቱም ከአልጋ የሚነሱት በማንሻ ማሽን ነው። ሕጉ የአንዱን በሽተኛ ነገር ለሌላው ማውራት ይከለክላል፤ እኔ ግን የማደርሰው በሽታ አልነበረም። ነገሩ እንደ አውጪና ተቀባይ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ከዚያ ተነስቶ የራሱን ይመልሳል። የተባለ ነገር አይደገምም።

ሥራዬ ሳያንስ ይህም ተጨመረ ብዬ አላማረርኩም፤ እንዲያውም እሑድ ማምሻውን በሄይዋርድ በኩል ወደ ቤት ስነዳ ሬዲዮ መክፈት ተውኩ። አንድ ዘፈን ከሰማሁ ይጠፋብኛል። መሪውን እየመታሁ ነው የምሄደው፤ በጎን የሚያልፈው ሰው ያበደች ሴት አየሁ ሳይል አይቀርም። አንድ ጊዜ እትዬ ሸዋዬ፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ መንገድ ላይ ደውላ ስለ አንድ ሠርግ ስታወራኝ ከምቱ የተወሰነው አመለጠኝ። በማግስቱ ለሚስ ፐርል እንዲያው አያይዤ መታሁላቸው። አዳመጡና «ቤላ፣ ሄይዋርድ አካባቢ አንዱን ጥለሽዋል» አሉኝ። ተሳስቀን ልንሞት ነበር።

ሚስ ፐርል የሁለቱን ታሪክ ያወጉኝ ገላቸውን ሳጥብ ነው። ከጫማ ሥር ብረት ተመትቶበት ወለሉን እንደ ከበሮ የሚያስጮህ ጭፈራ አለ፤ ሁለቱ በዚያ የታወቁ ጥንዶች ነበሩ። ሙዚቃዊ ፊልም በየሳምንቱ አዲስ በሚወጣበት ዘመን ስቱዲዮ ገብተው ተቀርጸዋል። ጥቁሮች ወደሚኖሩበት ሰፈር ሲመጡ ሰው መንገድ ዘግቶ ይጠብቃቸው ነበር።

«ግን ጭፈራችን ከታሪኩ ጋር እንዳይያያዝ አድርገው ነው የሚቀርጹን» አሉኝ። «ፊልሙ ጥቁር ማየት ወደማይፈልገው ደቡብ ሲሄድ እኛን በመቀስ ቆርጠው ያወጣሉ። ታሪኩ ምንም ሳይጎድልበት ይቀጥላል። እንደዚያ እንዲሆን ነው የተሠራነው።»

ልጄ መክሊት ቤት ስትመጣ የአንዱን ፊልም ስም ሰጥቻት ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው። ፊልሙ ተገኘ። ከዳር እስከ ዳር ቁጭ ብለን አየነው። ሲያልቅ «ማሚ፣ ዘይ አር ኖት ኢን ኢት» አለችኝ፤ የሉበትም። ለሚስ ፐርል ስነግራቸው አልገረማቸውም። «እኔ ግን ነበርኩ» አሉ።

ባልና ሚስት እንደነበሩ ጠየቅኳቸው። ኤሊስ ሌላ አግብቶ ወለደ፤ እኔ ማንንም አላገባሁም አሉኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም፣ እሳቸውም አልጨመሩም።

እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሚስተር ኤሊስ ደክመው አገኘኋቸው። የሰጡኝ ምት አጭርና ዝግ ያለ ነበር፤ እንዳላጣው ደጋግመው አስጠኑኝ። ስጨርስ የእጄን አንጓ ይዘው ቆዩ። እሑድ ስገባ አልጋቸው ባዶ ነው፤ ፍራሹ ተጠርጎ ቆሟል። ከሬድውድ ሲቲ የመጣች ልጃቸው ልብሳቸውን በከረጢት ትሰበስባለች። እግዚአብሔር ያጥናሽ አልኳት። አባቷ ጎበዝ ጨፋሪ እንደነበሩ ብነግራት «ድሮ ትንሽ ይጨፍር ነበር ይላሉ፤ እኔ ሳልወለድ» አለችኝ። ስለ ሚስ ፐርል የምታውቀው ነገር የለም።

ሰኞ ኦክላንድ ስገባ ሚስ ፐርል እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው ይጠብቁኛል። እኔ የመታጠቢያ ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ምን ላድርግ? እኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ ነው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚወድቁትን የሚይዝ፣ የሚያለቅሱትን የሚያጅብ ሰው ባለበት። እኒህ ሴትዮ ዘመድ የላቸውም። እኔ ብቻዬን፣ በሥራ ሰዓት፣ ከአንድ ሳህን ውሃ ጋር ልነግራቸው ነው? ያን የመጨረሻውን ምት ልምታ ብል ደግሞ መርዶ ሳይነገር የሟች ቃል ማውጣት ሆነብኝ። ሰው እስካገኝ፣ እስከ ቅዳሜ ልያዘው አልኩ። እስከዚያው ሚስተር ኤሊስ ባለፈው ክረምት የላኩትን አንዱን አስታውሼ መታሁላቸው።

ሚስ ፐርል ጣቴን አዩ።

«ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት።

«መቼ ነው የሰጠሽ?»

«ቅዳሜ።»

«ኤሊስ በሕይወቱ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ብሎ አያውቅም» አሉ። «መቼ ሞተ?»

ነገርኳቸው። ሌላ ማድረግ አልቻልኩም። እጃቸውን ከብረቱ አነሱ። «በአፉ የሚዋሸኝን ሰው ለምጄዋለሁ» አሉኝ። «አንቺ ግን በሱ እጅ ዋሸሽኝ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከሰዓት በኋላ ነርሷ ጠርታኝ ሚስ ፐርል ሌላ ረዳት ጠይቀዋል አለችኝ።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ በሽተኛ ነክሶኛል፣ ምራቅ ተፍቶብኛል፣ አለቃ ጮሆብኛል። እንደዚያ ሳምንት የከበደኝ የለም። በኮሪደሩ ሳልፍ በራቸው ገርበብ ብሎ አያቸዋለሁ፤ አይበሉም። ከቁጣው በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ እውነተኛው ስንብት እኔ ጋ ነው ያለው። ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር የእኔ ጣት ላይ ተቀምጧል፣ በየቀኑም እንዳይጠፋ ብቻዬን እየመታሁ እጠብቀዋለሁ። የስንብቱ ባለቤት ግን ሊያዩኝ አይፈልጉም፤ ጤናቸውም ቀን የሚሰጥ አይመስልም። በዚህ ሁኔታ ሚስ ፐርል ቢሞቱ ስንብቱ እኔ ጋ ይቀራል።

አቴ ቴሲ የአንሶላው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አልራራችልኝም።

«ክንዳቸውን ስታነሺ ትነግሪያቸዋለሽ» አለችኝ። «ይሄን ሳትነግሪ ነካሻቸው።»

የመርዶን ነገር አስረዳኋት። ለብቻ አይነገርም፣ ሰው ያስፈልጋል አልኳት። እየሰማች ሦስት አንሶላ አጠፈች።

«እና ያ በማለዳ የሚመጣው ሰው ማነው?»

«ጎረቤት ነው፣ ዕድርተኛ ነው።»

«ዕድር የለሽም?»

«አለኝ።»

«ታዲያ አምጪያቸዋ!»

ለእትዬ ሸዋዬ ደወልኩ።

«የማን ለቅሶ ነው?» አለችኝ።

«እኔ ጋ ያሉ አንዲት አሜሪካዊት እናት ናቸው። ሰው ሞቶባቸዋል።»

«ቤተሰብ የላቸውም?»

«ማንም የላቸውም እትዬ።»

«ታዲያ ምን ታስፈቅጂኛለሽ? ቅዳሜ ኦፍ የሆነ ሁሉ ይመጣል። እኔ ኮል አደርጋለሁ። ሺፍት ያላትም ካለች ትቀይር።»

ሳን ሆዜ ደውዬ አልገባም አልኩ። ቅዳሜ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይታደል፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ ያዘቀዘቁ ሴቶች በመጦሪያ ቤቱ በር ገቡ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ግራ ገብቷት «ለማን ናችሁ?» ስትል እትዬ ሸዋዬ በድፍረት «ፋሚሊ» አለቻት። አቴ ቴሲ ቀደመችና የሚስ ፐርልን በር አንኳኳች። «ሚስ ፐርል፣ እንግዶች መጥተዋል። በሩን ልከፍተው ነው» አለች፤ ከፈተችው።

ሴቶቹ ተራ በተራ ጎንበስ ብለው እጃቸውን እየያዙ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» እያሉ በየወንበሩ ተቀመጡ። ወንበር ያነሳቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሚስ ፐርል አንድ በአንድ አዩዋቸው፤ በመጨረሻ በሩ ላይ የቆምኩትን አገኙኝ።

«እነዚህ ሰዎች ምን ፈልገው ነው?»

«ምንም አይፈልጉም። እኛ አገር ሰው የሞተበት ብቻውን አይተውም።»

«እኔ እኮ ሚስቱ አይደለሁም።»

«እነሱ አልጠየቁም» አልኳቸው።

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ላላ። ቆይተው መናገር ጀመሩ። ኤሊስ እንዴት ያለ ሰው እንደነበር፣ መድረክ ከመውጣቱ በፊት እንዴት ያስመልሰው እንደነበር፣ ሆቴል አላሳድርም ሲሏቸው በባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ እንዴት ተደጋግፈው እንዳደሩ አወሩ። ሴቶቹ ግማሹ ገባቸው፣ ግማሹ አልገባቸውም፤ የሚያዝኑበት ቦታ ላይ ግን ሁሉም አዘኑ። እትዬ ሸዋዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሥራቸው ምን ነበር?» አለችኝ። ጭፈራ አልኳት። «አንጀቴን በሉት» አለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች።

ሲያቆሙ ጠጋ አልኩ።

«ሚስ ፐርል፣ አንድ ነገር እኔ ጋ አለ። የዚያን ቅዳሜ ነው። እውነተኛው።»

«ለምን ያን ቀን አልሰጠሽኝም?»

«ያን ቀን ከርስዎ ጋር ሰው አልነበረም።»

ዓይናቸውን ወደ ተቀመጡት መለሱ፤ ወደ እትዬ ሸዋዬ፣ ወደ አቴ ቴሲ። «አሁን አለ» አሉ። «በይ።»

እጄን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። ሚስተር ኤሊስ እንዳስጠኑኝ አድርጌ፣ ሳልቸኩል መታሁት። አስደገሙኝ። ሁለተኛውን ስጨርስ ጣታቸው እንደ ልማዳቸው ለመልስ ተነሳ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መልሰው ብርድ ልብሳቸው ላይ አሳረፉት።

«ይሄ መልስ የለውም» አሉ። «ይሄ ከመድረክ የምንወጣበት ምት ነው።»

እጄን ከብረቱ አነሳሁ።

«ስንወጣ ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚያስቀድመኝ» አሉና አለቀሱ።

ለሴቶቹ የተባለውን አልተረጎምኩላቸውም ነበር፤ ግን አብረው አለቀሱ። እኔም ለሚስተር ኤሊስ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።